ድሬ ላይ በአንድ ወታደር የጠፋች ግማሽ ነጥብ (የቼዝ ጉዞ ማስታወሻ)

ረቡዕ

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መገናኛ ተሰባስበን ኮስተሯ ላይ ወጣን። ወላጆች ተዋጥተን የተከራየናት ናት፣ ከኋላ ልጆቹ፣ መሀል ላይ ሻንጣና የውሃ ካርቶን፣ ከፊት አሰልጣኙና እኛ አጃቢዎቹ። እኔ የወንድሜን ልጅ ይዤ ነው የሄድኩት፣ 13 ዓመቷ ነው፣ ልጅ ስለሆነች ስሟን አልጽፍም። ድሬዳዋ ላይ የታዳጊዎች የቼዝ ውድድር አለ ተብሎ የሴሚስተር እረፍቱ እስኪደርስ ስንት ቀን እንደቆጠረች እሷ ናት ምታውቀው።

ገና አዳማ ሳንደርስ ፈጣን መንገዱ ላይ እያለን ከኋላ "ኢ ፎር"፣ "ኢ ፋይቭ" ሚል ድምፅ ተጀመረ። ያለ ቦርድ፣ በጨለማ፣ የቦርዱን ቤቶች ስም እየጠሩ በአፍ ብቻ እየተጫወቱ ነው። አስረኛ ሙቭ አካባቢ "አንተ ያ ፈረስህ እኮ ተበልቷል"፣ "አልተበላም" ተባብለው ተጨቃጨቁና አሰልጣኙ ከፊት ሆኖ፣ ዞር እንኳን ሳይል፣ "ተበልቷል፣ በስድስተኛው ሙቭ" አላቸው። ሁሉም ጸጥ። እኔ እንዲህ አይነት ጭንቅላት ሳይ በጣም ነው ደስ ሚለኝ።

መተሐራ ላይ ነጋ። በሰቃ ሐይቅ መንገዱ ስር ድረስ መጥቶ ተኝቷል፣ ድሮ በዛ ያለፈ ሰው አሁን ቢያየው አያምንም። አዋሽ ቁርስ፣ ከዛ ያ ሁሉ ጭሮ፣ ሂርና፣ ሚባል ዳገትና ጥምዝ፣ ሁለት ልጆች አስመለሳቸው፣ ሌሎቹ ግን በማግኔቷ ቦርድ ላይ ተደፍተው ቀሩ። ወሬያቸው በሙሉ ጉኬሽ ነው። ህንዳዊው ልጅ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2024 ሲንጋፖር ላይ ዲንግ ሊረንን አሸንፎ በ18 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው። አሰልጣኙ ያንን የመጨረሻውን፣ 14ኛውን ጨዋታ በማግኔቷ ላይ ደርድሮ አሳያቸው፣ ዲንግ ሩኩን ማይሆን ቦታ ሲያስቀምጥ ጉኬሽ ሩኩንም ቢሾፑንም አለዋውጦ በንጉሥና በወታደር ብቻ እንደጨረሰው። "የዓለም ሻምፒዮና በምን እንዳለቀ አያችሁ? በወታደር" አላቸው። የወንድሜ ልጅ ቺፕስ እየበላች ነበር ስታይ የነበረው። ይሄን ያዙልኝ፣ ዓርብ ላይ እመለስበታለሁ።

ቁልቢ ስንደርስ እናቶቹ ሹፌሩን አስቁመው ተሳለሙ። የታኅሣሡ ንግስ ካለፈ ቆይቷል፣ ቦታው ጭር ብሏል። ከዛ ደንገጎ፣ ከዛ ቁልቁል። ያንን ቁልቁለት የወረደ ያውቀዋል፣ በየጥምዙ ሙቀቱ አንድ ደረጃ እየጨመረ ነው ሚቀበላችሁ፣ ሹራብ፣ ጃኬት፣ ካልሲ እያወለቅን ድሬ ገባን።

ሐሙስ

ውድድሩ ከዚራ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ከዚራ በዛፍ የተሸፈነ ሰፈር ስለሆነ መንገዱ ላይ ጥላ ለጥላ እየሄድን ደረስን። ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው ድሬን ሚያውቅ ነው፣ የጠዋቱ ዙር 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የከሰዓቱ 10 ሰዓት ላይ። መሀል ላይ ያለው ሰዓት የድሬ ሰው ሚተኛበት ወይም ሚቅምበት ነው፣ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ነው ሚቆየው፣ ልጅን በዛ ሙቀት ቦርድ ላይ ማስቀመጥ ግፍ ነበር።

ለማያውቅ ሰው፣ ውድድሩ በስዊስ ሲስተም ነው። ተሸንፎ ሚወጣ የለም፣ በየዙሩ ነጥቡ ካንተ ጋር እኩል ወይም ቅርብ ከሆነ ልጅ ጋር ትመደባለህ፣ ስለዚህ እያሸነፍክ በሄድክ ቁጥር እየከበደ ነው ሚመጣው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 60 ደቂቃ፣ በየሙቩ ደግሞ 30 ሴኮንድ ይጨመርለታል። የነካኸውን ትጫወታለህ፣ ቀልድ የለም። ሙቭህን በሙሉ ስኮር ሺት ላይ ትጽፋለህ። ስልክ በር ላይ ይቀራል።

ጣሪያው ላይ ያሉት ትላልቅ ቬንትሌተሮች ስኮር ሺቱን እያስነሱ ስላስቸገሩ ልጆቹ የበሉትን ጠጠር ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይደረድሩታል። ስለዚህ ከሩቅ ቆሞ ማን እየመራ እንደሆነ ለማወቅ ቦርዱን ማየት አያስፈልግም፣ ማን ወረቀት ላይ ብዙ ጠጠር እንዳለ ማየት በቂ ነው። እኛ ከገመዱ ወዲያ ቆመን አንገታችንን አስግገን እናያለን፣ መናገር ክልክል፣ መሳል ራሱ ያስገላምጣል።

የወንድሜ ልጅ ሁለቱንም ዙር አሸነፈች። ግን እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ በጥድፊያ ነው። የመጀመሪያውን በ20 ደቂቃ ጨርሳ ወጣች፣ ክሎኳ ላይ ከጀመረችበት ብዙም አልቀነሰም፣ በየሙቩ ሚጨመረው 30 ሴኮንድ ራሱ እየተረፋት። ይሄ የስልክ ልማድ ነው። እነዚህ ልጆች ሊቼስ፣ ቼስ ዶት ኮም ሚባሉ የቼዝ ድረ ገጾች ላይ የሦስት ደቂቃ ፈጣን ጨዋታ፣ ብሊትዝ፣ በቀን ምን ያህል እንደሚጫወቱ ብነግራችሁ አታምኑም። ዓይናቸው ፈጣን ነው፣ ወጥመድ በአንድ እይታ ያያሉ፣ ማንንም ያስደነግጣሉ። ነገር ግን ቁጭ ብሎ አምስት ደቂቃ አንድ ሙቭ ላይ ማሰብ ሚባለውን ማንም አላስለመዳቸውም። አሰልጣኙ "አሸንፈሽ ስትወጪ ልቆጣሽ አልችልም፣ ስለዚህ ነገ ሌላ ሰው ይቆጣሽ" አላት። ሳቀች።

ዓርብ

ጠዋት ላይ አሸነፈች፣ ሦስት ከሦስት። ከሰዓት ፔሪንጉ፣ ማን ከማን እንደሚጫወት ሚያሳየው ዝርዝር፣ ዘግይቶ ተለጠፈና ሁሉም ሰሌዳው ላይ ተረባረበ። የደረሳት የድሬ ልጅ ነው፣ እሱም ሦስት ከሦስት። 12 ዓመቱ ነው፣ ቀጭን፣ የአርሰናል ማልያ የለበሰ፣ እግሩ ከወንበሩ መሬት ሊነካ ትንሽ ነው ሚቀረው። ሊቀመጥ ሲል ሁለት እጆቹን መዳፋቸውን ወደ ታች አድርጎ ጭኑ ስር ከተታቸው። እጁ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ሙቭ ማድረግ ሲፈልግ ብቻ ቀኝ እጁን ያወጣል፣ ጠጠሩን ያንቀሳቅሳል፣ ክሎኩን ይመታል፣ ይጽፋል፣ እጁን መልሶ ይከታል። ጨዋታው እስኪያልቅ አንድ ጊዜ እንኳን አልዘነጋም። ያስለመደው ሰው ሥራውን ያውቃል አልኩ በልቤ።

ልጃችን ነጭ ነው የደረሳት። ኢ4 ኢ5፣ ፈረስ ፈረስ፣ ቢሾፕ ሲ4፣ ጣልያን ሚባለው አከፋፈት። እሷ እንደልማዷ እየተኮሰች፣ እሱ እያሰበ። 20ኛው ሙቭ አካባቢ መሀል ላይ ያለ ወታደሩ ሁለቴ ተጠቅቶ አንዴ ብቻ ተጠብቆ ነበር፣ አላየውም፣ በላችው። ፊቱ ላይ ምንም የለም፣ እጁ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ከዛ በኋላ ያደረገችው ሁሉ ትክክል ነው፣ በወታደር ስትበልጥ ጠጠር አለዋውጥ ይባላል፣ አለዋወጠች፣ ኩዊን በኩዊን፣ ፈረስ በፈረስ፣ በመጨረሻ ሩክ በሩክ። ወታደሮቹም አንድ በአንድ ተበላልተው አለቁ። ቦርዱ ላይ ሦስት ጠጠር ቀረ፣ ሁለቱ ንጉሦችና የሷ አንድ ወታደር። አዳራሹ ውስጥ ያለ ወላጅ ሁሉ አለቀ፣ አሸነፈች ብሏል። ከጎኔ የቆመችው እናት ክንዴን ጨብጣ "እንኳን ደስ አለሽ" በዓይኗ አለችኝ። አሰልጣኙን አየሁት፣ ከንፈሩን ነክሷል።

ቦርድ ያላችሁ አውጡና ደርድሩት። ነጭ ንጉሥ ዲ5፣ ነጭ ወታደር ኢ4፣ ጥቁር ንጉሥ ኢ7። ተራው የነጭ። የሷ ክሎክ ላይ 41 ደቂቃ አለ፣ የሱ ላይ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ በየሙቩ በምትጨመርለት 30 ሴኮንድ ነው ሚኖረው። እዚህ ጋ ንጉሡን ኢ5 ላይ ብታስቀምጠው፣ ማለት ከራሷ ወታደር ፊት ለፊት፣ ከሱ ንጉሥ ጋር አንድ ባዶ ቤት መሀል ላይ ትተው ተፋጠው ቢቆሙ፣ አለቀ። ተራው የሱ ስለሚሆን ወደ ግራም ቢል ወደ ቀኝ መንገድ መልቀቁ አይቀርም፣ ወደ ኋላ ቢሸሽም ንጉሧ ይከተለዋል፣ ወታደሩ ከኋላው እየተከተለ ሄዶ መጨረሻው ረድፍ ላይ ኩዊን ይሆናል። ኦፖዚሽን ሚባለው ይሄ ነው፣ ንጉሥ ይቀድማል፣ ወታደር ይከተላል።

እሷ ወታደሩን ገፋችው። ኢ5። ሦስት ሴኮንድ አልፈጀባትም።

አሰልጣኙ ዘወር ብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ። ልጁ እጁን አወጣ፣ ንጉሡን ዲ7፣ መልሶ እጁን ከተተ። እሷ ወታደሩን ኢ6፣ ቼክ፣ ንጉሡ ተጠቃ ማለት ነው። እሱ ኢ7። እሷ ንጉሧን ኢ5። አሁን ጉዱ ያለው እዚህ ነው። ልጁ መርገጥ ሚችለው ሦስት ቤት ብቻ ነው፣ ዲ8፣ ኢ8፣ ኤፍ8። ሁለቱ ይገድሉታል፣ አንዱ ያድነዋል። ክሎኩ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ላይ ነው፣ እኔ ቁጥሩ ሲወርድ እያየሁ ትንፋሽ አጠረኝ፣ 1፡30፣ 1፡10፣ 0፡50። ሰው ሲጨንቀው ጠጠር መንካት ያምረዋል፣ ከነካ ደግሞ መጫወት አለበት፣ እሱ እጁ ጭኑ ስር ነው ያለው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እየቆጠረ ነው። 0፡38 ላይ እጁን አወጣና ንጉሡን ቀጥታ ወደ ኋላ፣ ኢ8።

ያኔ ነው እሷ ለመጀመሪያ ጊዜ አገጯን ይዛ ያሰበችው። አስር ደቂቃ አሰበች። ያያችውን አይታለች፣ ግን ወታደሩ ወደ ኋላ አይመለስም። ንጉሧን ዲ6 ስታደርግ እሱ ዲ8፣ ወታደሩን ኢ7 ቼክ ስትል እሱ ኢ8 ወታደሩ ፊት ተገተረ። ከዚህ በኋላ ያላት ምርጫ ወታደሩን ጥላ መሄድ ወይም ንጉሧን ኢ6 አድርጋ መጠበቅ ነው፣ ጠበቀችው፣ ስቴልሜት። ልጁ ቼክ አልተባለም፣ መንቀሳቀሻም የለውም፣ አቻ። እጅ ተጨባበጡ፣ ስኮር ሺቱ ላይ ግማሽ ግማሽ ጽፈው ፈረሙ።

ኮሪደሩ ላይ አለቀሰች። አሰልጣኙ ምንም አላላትም፣ ሲወጣላት ይሻላል ብሎ እኛንም ከለከለን። ትንሽ ቆይቶ ያ ልጅ መጣ። ከውጪ ሙሸበክ ገዝቶ በጋዜጣ አስጠቅልሎ፣ በብብቱ የሚጠቀለል ቦርድ ይዞ። "ነይ አቦ፣ እንየው" አላት፣ እንደ ታናሽ እህቱ። ድሬ ላይ አንቱ፣ እርስዎ፣ ሚባል ነገር ብዙም የለም፣ ለኔም "አንቺ፣ ዞር በይልኝ ብርሃን ጋርደሽኛል" አለኝ፣ ደስ ብሎኝ ዞር አልኩ።

መሬት ላይ ዘረጉት። ሦስቱን ጠጠር ብቻ ደረደሩ። እሱ ነጭ ሆኖ ንጉሡን ኢ5 ላይ አስቀመጠና "በይ አምልጪ" አላት። አላመለጠችም። ቀያየሩ። ወታደሩን አንድ ቤት ወደ ኋላ አደረጉት፣ ወደ ጎን አደረጉት፣ ኤ መስመር ላይ ጠርዝ ወሰዱትና እዛ ጋ ኦፖዚሽን ቢኖርም እንደማይሰራ፣ ንጉሡ ማእዘኑ ውስጥ ከገባ ማንም እንደማያስወጣው አሳያት። የሙሸበኩ ስኳር ቦርዱን ሁሉ አጣበቀው። ጨልሞ የኮሪደሩ መብራት እስኪበራ ድረስ ተጫወቱ። እኔ እንግዲህ እምላችሁ፣ ያን ቀን የተሰጠ ዋንጫ ቢኖር ለዛ ሰዓት ነበር ሚገባው።

"ማን አስተማረህ?" ብዬ ጠየቅኩት። ታላቅ ወንድሙ ነው፣ ባጃጅ ይነዳል። ቤታቸው አንድ ቼዝ አለ ግን ጠጠሩ እየጠፋ እየጠፋ ሄዶ ሁለቱ ንጉሦችና ወታደሮቹ ብቻ ናቸው የቀሩት፣ ሌላ እስኪገዛ ብለው በነሱ ብቻ ሲጫወቱ ከረሙ። አሰልጣኙ ይሄን ሲሰማ በጣም ተገረመ፣ ካፓብላንካ፣ የኩባው፣ እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1927 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው፣ ቼዝ ከመጨረሻው ነው መጠናት ያለበት ባይ ነበር፣ ጥቂት ጠጠር ባለበት ጀምር፣ እያንዳንዷ ምን እንደምትሰራ እወቅ ነው ነገሩ። ይሄ የድሬ፣ የመጋላ ሰፈር ልጅ ሳያውቀው በካፓብላንካ መንገድ ነው ያደገው። የኛዎቹ ደግሞ አከፋፈት እስከ 12ኛ ሙቭ በቃላቸው ያውቃሉ፣ ሦስት ጠጠር ሲቀር ይደናገራሉ። ለኮርስ፣ ለአፕ፣ ለማልያ ምንከፍለውን ብር ሳስበው ተናደድኩ። ለነዚህ ልጆች ሚያስፈልጋቸው ረጅም ሰዓት ያለው ጨዋታ፣ ከማያውቁት ከተማ ልጅ ጋር፣ ደጋግሞ፣ ከዛ ደግሞ ተሸናፊና አሸናፊ አብሮ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ቅዳሜ

አንድ ዙር ብቻ ነበር፣ ተሸነፈች፣ በቀስታ ተጫውታ ተሸነፈች፣ ሰዓቷን በሙሉ ጨርሳ። አሰልጣኙ ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት።

ከሰዓት ነጻ ስለሆነ ሐረር ወጣን። በደንገጎ ተመልሶ፣ በሐረማያ፣ በአወዳይ አድርጎ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ግን አየሩ ሌላ ሀገር ነው፣ ልጆቹ ነፍስ ዘሩ። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀራቸውን ደርድረው፣ ፈረስ መጋላ ላይ ሻይ፣ ሀልዋ በኪሎ ገዛን፣ ግንቡን ነክተን ፎቶ ተነሳን። ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ከተማ እንደሆነ አንዷ እናት ለልጆቹ አስረዳች፣ እነሱ ሀልዋው ላይ ናቸው።

ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ግን አሰልጣኙ ስለ ድሮው የሀገራችን ቼዝ፣ ስለ ሰንጠረዥ ሲነግራቸው ሁሉም አፉን ከፈተ። አባቶቻችን ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር አስምረው ሲጫወቱት የነበረው፣ ነጭና ጥቁር ቤት የሌለው፣ በኩዊን ፋንታ በሰያፍ አንድ እርምጃ ብቻ ምትሄድ ፈርዝ፣ በቢሾፕ ፋንታ ፊል ያለበት፣ ወታደሩ መደቅ ሚባለው። ከሁሉም ያሳበዳቸው ወረራው ነው። መጀመሪያ ላይ ተራ ሚባል የለም፣ ሁለቱም እንደፈለጉ፣ በፈለጉት ፍጥነት ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ ከዛ በኋላ ነው ተራ በተራ ሚሆነው። "እስቲ እንሞክረው!" ብለው በማግኔቷ ቦርድ ጀመሩ፣ አራት እጅ በአንዴ፣ ጠጠር እየተንጫጫ፣ ሻይ ተደፋ፣ ባለቤቱ መጥተው ተናደዱ ስንል ቆመው ማየት ጀመሩ። የወንድሜ ልጅ ተሸነፈች፣ ተቀናቃኟ እሷ በምትሮጥበት ሰዓት የሷን አሰላለፍ እያየ ነበር ሚያስተካክለው። በዚህ ጨዋታም ቢሆን ዝም ብሎ መፍጠን አያዋጣም ማለት ነው።

እሁድ

የመጨረሻው ዙር። አሸነፈች፣ በአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ፣ ሩክና ወታደር ይዛ። ጨዋታው ቆንጆ አልነበረም፣ ግን አንድ ጊዜ ጠጠር ልትነካ እጇን ዘርግታ መልሳ ስትሰበስብ አየሁ፣ ከዛ ሁለቱንም እጆቿን ጭኗ ስር ከተተች። ለኔ ይሄ በቂዬ ነው።

የመጋላው ልጅ ሦስተኛ ወጣ። ሜዳልያ ሲሰጡት አያቱ እልል አሉ፣ አዳራሹ ሁሉ ተከተላቸው። እሷ ሜዳልያ ውስጥ አልገባችም፣ ከልቧ ነው ያጨበጨበችለት።

ከመውጣታችን በፊት ደቻቱን ተሻግረን ቤታቸው ሄድን። ደቻቱ አሁን ደረቅ አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ በ1998 ክረምት ያንን ሁሉ ሰው የበላ ወንዝ ነው ብትባሉ አታምኑም። ወንድሙ ባጃጇን በር ላይ አቁሞ ጠበቀን። አያቱ ፉልና ሻይ አቀረቡልን፣ እኔም ልጁ በክረምት አዲስ አበባ እኛ ቤት መጥቶ ከነዚህ ልጆች ጋር አንድ ወር ቢጫወት ብዬ ጠየቅኳቸው። "እማማ፣ እንደ ልጄ ነው ማየው" አልኳቸው። ወንድሙን አዩት፣ ልጁን አዩት፣ "ፈተናውን ይለፍ እንጂ ውሰጂው አቦ፣ ብርድ ግን አይችልም፣ ጃኬት ትገዢለታለሽ" አሉኝ። ጃኬቱን እኔ፣ ትራንስፖርቱን ወንድሙ፣ ተስማማን። አሰልጣኙ ከያዛቸው ዲጂታል ክሎኮች አንዱን ለወንድሙ ተወለት፣ እንዴት እንደሚሞላ፣ 60 ደቂቃና 30 ሴኮንድ፣ ባጃጇ ላይ ተደግፈው አሳየው።

ሁለቱ ልጆች እስከዛ ድረስ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ሊቼስ ላይ ሊገናኙ ተነጋግረዋል። ብሊትዝ የለም፣ የ30 ደቂቃውን ብቻ፣ እሱ ነው እንዲህ ካልሆነ አልጫወትም ያለው፣ እሷም እሺ ብላለች።